ፕሮግራሙና መሣሪያው አልግባባ ሲሉ የትኛው ምርመራ ይቅደም?

በታኅሣሥና በጥር በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ በቆሎ የጫኑ መኪናዎች በመጋዘን በር ተሰልፈው ሲቆሙ፣ የመኪና ሚዛኑ ክብደቱን በራሱ ማሳያ ላይ እያሳየ፣ በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ያለው ፕሮግራም ግን «መሣሪያው አልተገኘም» ከማለት በቀር ምንም የማይመዘግብበት ጊዜ አለ። በቢቸና ያለ አንድ ትምህርት ቤት የመምህራንን የመግቢያ ሰዓት ከሚመዘግበው የጣት አሻራ መሣሪያ ላይ የወሩን መረጃ ማውረድ ሲያቅተው፣ ወይም በባሕር ዳር ያለ ሱቅ የደረሰኝ ማተሚያው ከሽያጭ ፕሮግራሙ ጋር ሲለያይበት የሚገጥመው ችግር ዘሩ አንድ ነው። መሣሪያው በራሱ ይሠራል፤ ፕሮግራሙም ይከፈታል፤ በመካከላቸው ያለው ንግግር ግን የለም።

እንዲህ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከምርመራ በፊት ለውጥ ይቀድማል። ራውተሩ ይቀየራል፣ ፕሮግራሙ ተነቅሎ እንደገና ይጫናል፣ ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረጋል፣ የመሣሪያው አድራሻ በግምት ይለወጣል፤ በመጨረሻም አንድ ብቻ የነበረው ችግር ሦስትና አራት ሆኖ፣ የመጀመሪያው የት እንደነበረ የሚያውቅ ሰው ይጠፋል። በዚህ ጽሑፍ የማነጻጽረው አምስት የመመርመሪያ መንገዶችን ነው፤ እነርሱም ፒንግ (ለአንድ አድራሻ «አለህ?» የሚል አጭር መልእክት መላክ) እና የአርፕ ሠንጠረዥ (ኮምፒውተሩ በኔትወርኩ ያገኛቸውን መሣሪያዎች አድራሻ የሚይዝበት ዝርዝር)፣ መሣሪያውን ከላፕቶፕ ጋር በቀጥታ ገመድ ማገናኘት፣ የፖርት (በአንድ አድራሻ ላይ ያሉ አገልግሎቶችን የሚለይ ቁጥር) ፈተና፣ በኔትወርኩ ላይ የሚያልፈውን ንግግር መቅዳት፣ እንዲሁም ከሁለቱ ወገኖች በአንዱ ፋንታ ምትክ ማስቀመጥ ናቸው። የማወዳድራቸውም በሦስት ነገር ነው፤ ምን ያረጋግጣሉ፣ ምን ሳያረጋግጡ ይቀራሉ፣ የቆመውን ሥራ ደግሞ ምን ያህል ያውካሉ። ባለሙያ ከሌላ ከተማ እስኪመጣ አንድ ቀንና ከዚያም በላይ በሚጠበቅበት አካባቢ፣ ሦስተኛው መለኪያ ከፊተኞቹ ሁለቱ አያንስም።

አስቀድሞ፦ ደዋዩ ማን ነው?

ከአምስቱ መንገዶች አንዱን ከመምረጥ በፊት መልስ ማግኘት ያለበት ጥያቄ አለ። ቲሲፒ በሚባለው፣ መሣሪያዎች በኔትወርክ በሚነጋገሩበት ደንብ፣ በሚደረግ ንግግር ምንጊዜም አንዱ ወገን ይደውላል፣ ሌላው ጥሪ ይጠብቃል። በብዙ ሚዛኖችና ማተሚያዎች ላይ የሚደውለው ፕሮግራሙ ሲሆን መሣሪያው በተወሰነ ፖርት ቁጥር ላይ ጥሪ ይጠብቃል፤ ለምሳሌ ሞድባስ የሚባለውን የኢንዱስትሪ መሣሪያዎች ቋንቋ የሚናገሩ በ502፣ የኔትወርክ ማተሚያዎች በ9100፣ ብዙ የጣት አሻራ መሣሪያዎች ደግሞ በ4370 ይጠብቃሉ። ነገር ግን በተገላቢጦሽ የሚሠሩ መሣሪያዎችም አሉ፤ እነዚህ በውስጣቸው የተጻፈላቸውን የኮምፒውተር አድራሻ ይዘው ራሳቸው ይደውላሉ፣ ፕሮግራሙም ይጠብቃቸዋል። ይህን ሳያውቁ ምርመራ መጀመር የተዘጋውን በር ትቶ ክፍቱን በር እንደ ማንኳኳት ነው።

ልዩነቱ በተግባር ምን እንደሚያመጣ በፋየርወል፣ ማለትም ጥሪዎችን በሚያሳልፈውና በሚያግደው ዘበኛ ፕሮግራም፣ ይታያል። የዊንዶውስ ፋየርወል በተለመደው አቀማመጡ ከኮምፒውተሩ ወደ ውጭ የሚወጣ ጥሪን ያሳልፋል፣ ከውጭ የሚመጣን ግን ፈቃድ ካልተሰጠው ያግዳል። ስለዚህ መሣሪያው ደዋይ ከሆነ፣ ከመሣሪያው ይልቅ የኮምፒውተሩ ፋየርወል የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ይሆናል። ፕሮግራሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት የሚመጣውን የፈቃድ ጥያቄ አንድ ሠራተኛ ሳያነብ «ይቅር» ብሎ ከዘጋው፣ ዊንዶውስ ያንን ፕሮግራም የሚያግድ ደንብ መዝግቦ ያስቀምጣል፤ ጥያቄውም ተመልሶ ላይመጣ ይችላል። እንዲሁም ራውተር ሲቀየር ዊንዶውስ ኔትወርኩን እንደ አዲስ ቆጥሮ «የሕዝብ» በሚለው ጥብቅ ምድብ ሊያስገባው ስለሚችል፣ ከራውተር ቅያሬ ማግሥት የመሣሪያው መረጃ መምጣት ካቆመ አስቀድሞ መታየት ያለበት ይህ ምድብ ነው። ፋየርወሉን ለአንድ ደቂቃ አጥፍቶ ማየት ፈተና ነው፤ አጥፍቶ መተው ግን መፍትሔ አይደለም፤ ለዚያ ፕሮግራምና ለዚያ ፖርት ብቻ ፈቃድ መስጠት ይገባል።

ፒንግና የአርፕ ሠንጠረዥ

ፒንግ ሁሉም ሰው የሚያውቀው፣ ምንም የማይጠይቅና ሥራ የማያውክ ምርመራ ስለሆነ ቢቀድም አይገርምም። ከሚገባው በላይ መታመኑ ግን ብዙ ሰው አሳስቷል። መልስ ከመጣ በዚያ አድራሻ ላይ አንድ ነገር እንዳለ ያረጋግጣል፤ ያ ነገር የእኛ መሣሪያ ስለመሆኑም ሆነ ፕሮግራሙ የሚፈልገው ፖርት ስለመከፈቱ ምንም አይናገርም። መልስ ካልመጣ ደግሞ መሣሪያው የለም ለማለት አይበቃም፤ ፒንግን ሳይመልሱ በትክክለኛው ፖርት ላይ ግን በደንብ የሚሠሩ መሣሪያዎች አሉ።

በዊንዶውስ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ደጋግሜ ስላየሁት ሰፋ አድርጌ እገልጸዋለሁ። በራሱ ኔትወርክ ውስጥ ያለ አድራሻ ፒንግ ተደርጎ ባለቤቱ ሲጠፋ፣ ኮምፒውተሩ «ዴስቲኔሽን ሆስት አንሪቸብል» የሚል መልስ ራሱ ለራሱ ይሰጣል፤ ከታች ባለው ማጠቃለያ ግን አራት ተልኮ አራት እንደተመለሰና የጠፋ እንደሌለ ሊጻፍ ይችላል። ማጠቃለያውን ብቻ ያነበበ ሰው መሣሪያው እንዳለ ያምናል። መነበብ ያለበት እያንዳንዱ መስመር ነው፤ መልሱ የመጣው ከመሣሪያው አድራሻ ነው ወይስ ከራሳችን? ከራሳችን ከሆነ መሣሪያው አልተገኘም ማለት ነው።

ከፒንግ ይልቅ እኔ የማምነው ከእርሱ ቀጥሎ የሚታየውን የአርፕ ሠንጠረዥ ነው። ኮምፒውተሩ በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ካለ መሣሪያ ጋር ለመነጋገር መጀመሪያ የመሣሪያውን ማክ አድራሻ፣ ማለትም ከፋብሪካ የተሰጠውን የኔትወርክ መለያ፣ መጠየቅ አለበት፤ ይህን ጥያቄ ደግሞ ፒንግን የማይመልስ መሣሪያም ይመልሳል። ስለዚህ ፒንግ ዝም ቢል እንኳ በሠንጠረዡ ላይ ከአይፒ አድራሻው (እንደ 192.168.1.150 ካለው የኔትወርክ ቁጥር) ጎን የመሣሪያው ማክ አድራሻ ከተጻፈ፣ ገመዱም፣ ገመዶቹን የሚያገናኘው ሳጥን ማለትም ስዊቹም፣ አድራሻውም ይሠራሉ ማለት ይቻላል። የማክ አድራሻው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥንዶች የአምራቹ መለያ ስለሆኑ፣ መሣሪያው ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ጋር ሲመሳከር መልስ የሰጠው ማን እንደሆነም ይታወቃል።

ይህ ማመሳከር በተለይ የሚጠቅመው ግንኙነቱ አንዴ እየሠራ አንዴ በሚቋረጥበት ጊዜ ነው። ራውተሩ ከ100 እስከ 200 ያሉትን አድራሻዎች ለመጣው ሁሉ እንዲያድል ተደርጎ፣ ሚዛኑ ደግሞ በእጅ 192.168.1.150 ተብሎ ከተሰየመ፣ ከሠራተኞች አንዱ ስልኩን ከዋይፋይ ጋር ሲያገናኝ ያው አድራሻ ሊደርሰው ይችላል። እንዲህ ያለው ግጭት ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ ይጠፋል፣ ሲመለስ ይመጣል፤ ሰዎችም ሚዛኑ «ባሕርይ አለው» ይላሉ። ለማረጋገጥ የሚዛኑን ገመድ ነቅሎ ያንኑ አድራሻ ፒንግ ማድረግ ይበቃል፤ መልስ ከመጣ ያ አድራሻ ሌላ ባለቤት አለው። መፍትሔውም መሣሪያውን ራውተሩ ከሚያድለው ክልል ውጭ ያለ አድራሻ መስጠት ነው።

ቀጥታ ገመድ ወይስ ባለበት መፈተሽ?

መሣሪያውን ከስዊቹ ነቅሎ በአንድ አጭርና ጤነኛነቱ በታወቀ ገመድ ከላፕቶፕ ጋር ማገናኘት፣ ከአምስቱ ሁሉ ብዙ ጥርጣሬ በአንድ ጊዜ የሚያስወግድ ነው። ስዊቹ፣ ራውተሩ፣ ግድግዳ ውስጥ ያለፈው ረጅም ገመድ፣ የሌሎች ሰዎች ስልክ፣ ሁሉም በአንዴ ከጨዋታው ይወጣሉ። በዚህ ሁኔታ ከሠራ ጥፋቱ በመካከል ባለው መንገድ ወይም በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ካልሠራ ደግሞ በመሣሪያው፣ በአቀማመጡ ወይም በፕሮግራሙ ነው። ጊጋቢት የሆኑ ላፕቶፖች የገመዱን መስመሮች ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ የተለየ የተሻገረ ገመድ አያስፈልግም፤ ሁለቱም ወገኖች አሮጌ ከሆኑ ግን ሊያስፈልግ ይችላል።

ጉዳቱ ሥራን ማቆሙ ነው፤ በተለይ በመከር ወቅት ሚዛኑን ለግማሽ ሰዓት መንቀል ብዙ መኪና ያስቆማል። ሌላው ጉዳት የአድራሻ አሰጣጥን ለማያውቅ ሰው አሳሳች መሆኑ ነው። በቀጥታ ገመድ ላይ አድራሻ የሚያድል ራውተር ስለሌለ፣ ላፕቶፑ አድራሻ ጠብቆ ሲያጣ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጣል፤ በዚያ አድራሻ ሆኖ 192.168.1.201 የተባለን መሣሪያ አያገኘውም። መርማሪውም ጤነኛውን መሣሪያ «ሞቷል» ይለዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ላፕቶፑን በእጅ በመሣሪያው ቤተሰብ ውስጥ ያለ (የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች አንድ የሆኑ) አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.10፣ የቤተሰቡን ወሰን ከሚያሳየው ማስክ 255.255.255.0 ጋር መስጠት ግዴታ ነው።

ይህ የአድራሻ ቤተሰብ ጉዳይ በእኛ አካባቢ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሞባይል ዳታ ራውተር ጋር ነው። መሣሪያው ከፋብሪካው በ192.168.1 ቤተሰብ ተሰይሞ ይመጣል፤ ከነዚህ ራውተሮች ብዙዎቹ ግን ራሳቸው 192.168.8.1 ስለሆኑ ኮምፒውተሩንም በ192.168.8 ቤተሰብ ያስገቡታል። ሁለቱ በአንድ ስዊች ላይ ተሰክተው፣ መብራታቸውም እየበራ፣ አይተያዩም። በቀጥታ ገመድ ሲፈተኑ ይሠራሉ፣ ወደ ስዊቹ ሲመለሱ አይሠሩም፤ ጥፋቱም በስዊቹ ይሳበባል። የመሣሪያውን አድራሻ ወደ አዲሱ ቤተሰብ ማዛወር ወይም ለኮምፒውተሩ የኔትወርክ ካርድ ሁለተኛ አድራሻ መጨመር ይበቃል፤ ዊንዶውስም ሊኑክስም ይህን ይፈቅዳሉ።

ቀጥታ ገመዱ ሠርቶ ረጅሙ ካልሠራ ርቀቱ መለካት አለበት። የመዳብ ኢተርኔት ገመድ ወሰኑ 100 ሜትር ነው። ከሚዛኑ ማሳያ እስከ መቀየሪያው (ሲሪያል የሚባለውን የቆየ የመረጃ መስመር ወደ ኢተርኔት የሚለውጠው ዕቃ) ያለው መስመር ሲሪያል ከሆነ ደግሞ ወሰኑ ሌላ ነው፤ አርኤስ-232 በተለምዶ እስከ 15 ሜትር ገደማ ይታመናል፣ አርኤስ-485 ግን ፍጥነቱ ዝቅ ሲል እስከ 1200 ሜትር ይደርሳል። በክረምት መብረቅ በሚበዛበት በጎጃም ደጋና በጣና ዙሪያ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ የተዘረጋ የመዳብ ገመድ ሌላም አደጋ አለው፤ ከመብረቅ የሚመጣው ኃይል በገመዱ አልፎ በሁለቱም ጫፍ ያለውን ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል። እንዲህ የተጎዳ የስዊች ቀዳዳ አንዳንድ ጊዜ መብራቱ እየበራ መረጃ አያሳልፍም። ሚዛኑ ግቢው በር ላይ፣ ቢሮው ደግሞ ማዶ ከሆነ በመካከል ፋይበር (የብርጭቆ ገመድ) መዘርጋት ለዚህ ተመራጭ ነው፤ ብርጭቆ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና።

የፖርት ፈተና

ከሁሉ ይበልጥ የምወደውና ሰዎች ከሁሉ ያነሰ የሚጠቀሙበት ይህ ነው። ፕሮግራሙን ወደ ጎን ትቶ፣ ፕሮግራሙ በሚደውልበት አድራሻና ፖርት ላይ በሌላ መሣሪያ መደወል ማለት ነው። በዊንዶውስ በፓወርሼል ውስጥ ያለው ቴስት-ኔትኮኔክሽን ይህን ያደርጋል፤ የቴልኔት ትእዛዝም ያገለግላል፣ ነገር ግን ከቪስታ ወዲህ በዊንዶውስ ላይ አስቀድሞ ስለማይከፈት ከቅንብሮች ማብራት ያስፈልጋል። በሊኑክስ ኔትካት አለ። ማንኛውም አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ሥራም አያቆምም፣ መልሱ ግን ከፒንግ እጅግ የጠለቀ ነው።

ሦስት ዓይነት መልስ ይመጣል፤ ሦስቱም ልዩ ልዩ ነገር ይናገራሉ። ጥሪው ከተነሳ እስከ ፖርቱ ያለው መንገድ ሁሉ ጤነኛ ነው፤ ከዚህ በኋላ ገመድና ራውተር መነካካት ጊዜ ማባከን ይሆናል፣ ችግሩ በፕሮግራሙ ቅንብር ወይም በንግግሩ ይዘት ውስጥ ነው። መልሱ ወዲያውኑ የመጣ እምቢታ፣ ማለትም «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ከሆነ፣ መልእክቱ ደርሷል፣ በዚያ አድራሻ ያለው አካል ግን በዚያ ፖርት ላይ አይጠብቅም፤ ፖርት ቁጥሩ ተሳስቷል፣ ወይም በመሣሪያው ላይ ያ አገልግሎት አልበራም፣ ወይም ብቸኛው የጥሪ ቦታ በሌላ ደዋይ ተይዟል። ረጅም ዝምታ ተከትሎት «ታይምድ አውት» ከመጣ ደግሞ ጥሪው በመንገድ ጠፍቷል፤ አድራሻው ባዶ ነው፣ ወይም ፋየርወል በዝምታ ጥሎታል። እምቢታና ዝምታን መለየት የቻለ ሰው ከፊሉን ሥራ ጨርሷል። እነዚህን ሁለት ቃላት «አልሠራም» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ ለባለሙያ በስልክ መንገር ባለሙያውን ባዶ እጁን ማስቀረት ነው፤ የተጻፈውን እንዳለ ማንበብ ይገባል።

በቡሬ አካባቢ ባለ አንድ የእህል መጋዘን ያየሁት ይህን ያስረዳል። መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር ሚዛኑ ከፕሮግራሙ ይለይ ነበር፤ ፒንግ ግን ሁልጊዜ ይመልሳል። ኮምፒውተሩ ደጋግሞ ቢጠፋና ቢበራ አልተለወጠም። ከእኔ በፊት የተጠራ ባለሙያ ፕሮግራሙን ነቅሎ እንደገና ሲጭን የዚያ ወቅት መዝገብ አብሮ ጠፍቷል፤ ገበሬው ያስረከበው ኩንታል ከደረሰኝ ግልባጭ በእጅ ተለቅሞ እንደገና ተመዘገበ፤ ያን ያህል ድካም ዛሬም ያሳዝነኛል። የፖርት ፈተናው ያመጣው ፈጣን እምቢታ ነበር። ሲሪያሉን ወደ ኢተርኔት የሚቀይረው ዕቃ በአንድ ጊዜ አንድ ደዋይ ብቻ የሚቀበል ሲሆን፣ ኃይሉን የሚያገኘው ከሚዛኑ ባትሪ ስለነበር መብራት ሲጠፋ አልጠፋም። ኮምፒውተሩ ግን ሳይሰናበት ጠፋ። መቀየሪያው የቀድሞው ጥሪ እንዳልተዘጋ ቆጥሮ ቦታውን ይዞ ቆየ፤ አዲሱን ጥሪ ሁሉ እምቢ አለ። ሚዛኑ ክብደቱን ሳያቋርጥ የሚልክ ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የማያውቀውን ንግግር ስለሚሽረው ቦታው ይለቀቅ ነበር፤ ሲጠየቅ ብቻ የሚመልስ ስለነበር ሁለቱም በዝምታ ተቀመጡ። መድኃኒቱ የመቀየሪያውን ኃይል አንዴ ነቅሎ መመለስ፣ ከዚያም በቅንብሩ ውስጥ ለ60 ሴኮንድ ዝም ያለን ደዋይ እንዲያሰናብት ማዘዝ ነበር። ይህን በነባሪው የቲሲፒ ሰዓት ቆጣሪ ላይ መተው አያዋጣም፤ በዊንዶውስም በሊኑክስም ደዋዩ በሕይወት መኖሩን ለመጠየቅ የተቀመጠው ነባሪ ጊዜ 2 ሰዓት ነው።

የፖርት ፈተናው ወሰን ሁለት ነው። አንደኛ፣ መሣሪያው በዩዲፒ፣ ማለትም ያለ ጥሪ መልእክት ብቻ በሚላክበት ሌላ ደንብ፣ የሚነጋገር ከሆነ እምብዛም አይጠቅምም፤ በዩዲፒ ጥሪ ማንሳት የሚባል ነገር ስለሌለ ክፍት ፖርትም በፋየርወል የታገደ ፖርትም በዝምታ ይመሳሰላሉ። ሁለተኛ፣ አንድ ደዋይ ብቻ በሚቀበል መሣሪያ ላይ ፈተናው ራሱ ቦታውን ይይዛል፤ የቴልኔቱ መስኮት ሳይዘጋ ፕሮግራሙን ማስነሳት አዲስ ችግር መፍጠር ነው።

ንግግሩን መቅዳት

ዋየርሻርክን የመሰለ ፕሮግራም በኔትወርክ ካርዱ ላይ የሚያልፈውን ሁሉ ይመዘግባል። ከ1998 ጀምሮ ኢተሪያል በሚል ስም የነበረ ሲሆን የአሁኑን ስም ያገኘው በ2006 ነው፤ በነጻ ይገኛል። ብዙ የሚያሳይ ምርመራ ቢሆንም መጀመሪያ የሚደረግ አይደለም። ጥሪው በማይነሳበት ሁኔታ የሚያሳየው የፖርት ፈተናው በአንድ መስመር የነገረንን ነው፤ ለዚያ ሲባል በሺህ የሚቆጠር መስመር ውስጥ መግባት አያስፈልግም። ዋጋው የሚታየው ጥሪው ተነስቶ፣ መልስ መጥቶ፣ ፕሮግራሙ ግን የተሳሳተ ቁጥር ሲያሳይ ወይም «መልሱ አልገባኝም» ሲል ነው።

እንዲህ ያሉ ስሕተቶች በዓይን ካልታዩ በግምት አይገኙም። ቲሲፒ መረጃን እንደ ወንዝ ያፈስሳል እንጂ በመልእክት ከፍሎ አያስረክብም፤ መሣሪያው በአንድ ጊዜ የላከው ክብደት ለፕሮግራሙ በሁለት ቁራጭ ሊደርስ ይችላል። ይህን ያላሰበ ፕሮግራም ጸሐፊ ግማሹን አንብቦ ስሕተት ያወጣል፤ ያውም ሁልጊዜ ሳይሆን አልፎ አልፎ። በሞድባስ ደግሞ በመመሪያው ላይ 40001 ተብሎ የተጻፈው መዝገብ (መሣሪያው አንድ ቁጥር የሚያስቀምጥበት ቦታ) በመስመሩ ላይ 0 ተብሎ ይጠራል፤ አንዱ ወገን ከ1፣ ሌላው ከ0 ሲቆጥሩ ፕሮግራሙ የጎረቤቱን መዝገብ ያነባል። ትልቅ ቁጥር በሁለት መዝገብ ተከፍሎ ሲላክ የቱ ቀድሞ እንደሚመጣ ካልተስማሙም፣ 1 ኪሎ መሆን የነበረበት 65536 ሆኖ ይታያል። ይህን ቁጥር በማያ ገጽ ላይ ያየ ሰው ሚዛኑ ተበላሽቷል ብሎ ሎድ ሴል (ክብደቱን የሚለካውን ክፍል) ለመቀየር ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት የመዝገቦቹን ቅደም ተከተል ይመልከት። መሣሪያው የስሕተት ኮድ መልሶ ከላከም መልካም ዜና ነው፤ ለምሳሌ ሞድባስ ኮድ 2 የሚለው «የጠየቅኸኝ መዝገብ የለኝም» ነው፣ ይህን ሊል የሚችለው ደግሞ ጥያቄው ደርሶት የገባው መሣሪያ ብቻ ነው።

ስለ ቅጂው መታወቅ ያለበት ዋና ነገር ቦታው ነው። ስዊች ለእያንዳንዱ ቀዳዳ የራሱን ብቻ ስለሚያደርስ፣ በሦስተኛ ላፕቶፕ ላይ ሆኖ የሌሎቹን የሁለቱን ንግግር መስማት አይቻልም። ፕሮግራሙ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ራሱ መቅዳት ይቀላል፤ ይህ ካልተቻለ የአንዱን ቀዳዳ ትራፊክ ወደ ሌላው የሚገለብጥ ስዊች ያስፈልጋል፣ ርካሾቹ ስዊቾች ግን ይህን አያውቁም።

ምትክ ማስቀመጥ

ምትክ ሲባል ሁለት ነው፤ መሣሪያውን የሚመስል ፕሮግራም በሌላ ላፕቶፕ ላይ ማስነሳት፣ ወይም ፕሮግራሙን ትቶ የአምራቹን የራሱን የመፈተሻ ፕሮግራም ከመሣሪያው ጋር ማነጋገር። ለመሣሪያው ባለቤት ሁለተኛው ይሻላል። ከአምራቹ ፕሮግራም ጋር ተነጋግሮ ከእኛው ጋር እምቢ ካለ፣ ጥያቄው ለፕሮግራሙ ሠሪ ይቀርባል፣ ማስረጃውም በእጅ አለ። የመጀመሪያው ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ጠቃሚ ነው፤ በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተምረው ለአካባቢያቸው ድርጅቶች ፕሮግራም የሚሠሩ ወጣቶች ሚዛኑ ወዳለበት ሳይሄዱ መልሱን ማዘግየት፣ መቁረጥ፣ ማሳሳት ይችላሉ፤ ፕሮግራማቸው ያንን ሁሉ እንዴት እንደሚችለው በቢሯቸው ያያሉ። የምትክ ጉድለት ከእውነተኛው መሣሪያ ይበልጥ ጨዋ መሆኑ ነው፤ በምትክ የሠራ ሁሉ በመሣሪያው ይሠራል ማለት አይደለም።

ከምርመራዎቹ ሁሉ የሚያመልጥ አንድ የእኛ አገር ጉዳይ እዚህ ላይ መነሳት አለበት። የጣት አሻራ መሣሪያው በደንብ ተገናኝቶ፣ «ወርዷል» ተብሎ፣ ዝርዝሩ ግን ባዶ ሲሆን የመሣሪያው ቀን ይታይ። አንዱ ሰው ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ሞልቶት ፕሮግራሙ በፈረንጆቹ ሲፈልግ፣ በመካከላቸው 7 ወይም 8 ዓመት ስላለ መረጃው ተቀምጦ እያለ ከተጠየቀው ወር ውጭ ይሆናል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሰዓቱን «2» ብሎ የሞላም መዝገቡን ሁሉ በ6 ሰዓት ያዛባዋል። ይህን ጥፋት ኔትወርክ ውስጥ መፈለግ ከንቱ ነው።

ከሩቅ ወይስ በቦታው?

ዝምታ፣ የገመድና የመብራት ጉዳይ በቦታው ባለ ሰው መታየት አለበት፤ ከሩቅ ሆኖ አይታይም። እምቢታና የይዘት ስሕተት ግን ብዙ ጊዜ በርቀት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ኮምፒውተሩን በማየት ይመረመራል። ከዚህ አልፎ መሣሪያውን ራሱን በራውተሩ በኩል ለኢንተርኔት ክፍት ማድረግ በምንም ምክንያት የማልመክረው ነገር ነው። ሞድባስ በ1979 የተዘጋጀው በፋብሪካ ውስጥ ላለ ገመድ ሲሆን የይለፍ ቃል የሚጠይቅበት ቦታ የለውም፤ ፖርት 502 ለዓለም ሲከፈት ያገኘው ሁሉ ያዝዘዋል።

ዋይፋይን በተመለከተ፣ አማራጭ ካለ ሚዛንና ማተሚያ በገመድ ይሁኑ። ግድ ከሆነ ሁለት ነገር ይታይ፤ ብዙ መሣሪያዎች 2.4 ጊጋኸርዝን ብቻ ያውቃሉ፣ የእንግዳ ኔትወርክ የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ በውስጡ ያሉትን እርስ በርስ አያገናኝም፤ ሁለቱም ኢንተርኔት እያገኙ አንዱ ሌላውን አያየውም።

በየሁኔታው የትኛው ይቅደም?

መሣሪያው አዲስ ተተክሎ ከመጀመሪያውም ሠርቶ የማያውቅ ከሆነ በቀጥታ ገመድና በአምራቹ ፕሮግራም ይጀመር፤ የሚቆም ሥራ የለም፣ የተሳሳተው ቅንብርም በአንድ ጊዜ ይለያል። ትናንት ሠርቶ ዛሬ ካቆመ የፖርት ፈተናው ይቅደም፤ እምቢታ ከመጣ መሣሪያውን አጥፍቶ ማብራትና የተያዘ ቦታ መኖሩን ማየት፣ ዝምታ ከመጣ የአርፕ ሠንጠረዡንና ገመዱን መከተል ነው። ራውተር ከተቀየረ በኋላ ካቆመ ከማንኛውም ምርመራ በፊት የአድራሻ ቤተሰቡና የፋየርወሉ ምድብ ይታዩ። አንዴ እየሠራ አንዴ የሚቋረጥ ከሆነ ከአርፕ ማመሳከር ይጀመር፤ ይህ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ፒንግን ለሰዓታት ሳያቋርጡ ማስኬድና የሚጠፋበትን ሰዓት ከመብራት መቆራረጥ፣ ከወፍጮው ሞተር መነሳት ወይም ከሠራተኞች መግቢያ ጋር ማስተያየት ነው። ተገናኝቶ የተሳሳተ ቁጥር ከሰጠ ሁሉንም ትቶ በቀጥታ ወደ ቅጂው መሄድ ይገባል።

በየትኛውም መንገድ ቢጀመር አስቀድሞ የመሣሪያውን አይፒ አድራሻ፣ ማስክ፣ ፖርት ቁጥር፣ ማክ አድራሻና ደዋዩ ማን እንደሆነ በወረቀት ጽፎ በመሣሪያው ጀርባና በኮምፒውተሩ ጎን መለጠፍ፣ አሁን ያለውን የቅንብር ገጽም በስልክ ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ተለውጦ ይፈተን፤ ለውጡ ካልረዳ፣ ሁለተኛው ከመነካቱ በፊት፣ በፎቶው መሠረት ወደ ነበረበት ይመለስ።